ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የጽሑፍ ጊዜ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1886 እ.ኤ.አ. በዓድዋ አካባቢ ተወለዱ። በምጽዋ አጠገብ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ከቆጠሩ በኋላ ገና በልጅነታቸው ባሕር ተሻግረው አውሮፓ ገቡ፤ በበርሊንም ሕክምና ተማሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አገለገሉ። ቆይቶም ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

በ1909 ንጉሠ ነገሥቱ በጠና ታመው ሥራ መሥራት ተሳናቸው። አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱ ገና ለጋ ወጣት ነበሩ። አገሪቱ ወዴት እንደምትሄድ ሁሉም ይጠይቅ ነበር። ገብረ ሕይወትም በ1912 «አፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለውን ጽሑፋቸውን በአሥመራ ይታተም በነበረው «ብርሃን ይሁን» ላይ አወጡ። ያለፈውን መንግሥት ጉድለት በግልጽ ነቀፉ፤ ግብር እንዲወሰን፣ ሕግ እንዲጻፍ፣ ትምህርት እንዲስፋፋ መከሩ፤ ጃፓንንም በምሳሌነት አነሡ። ጽሑፉ አጭር ነው። የንጉሥን ሥራ በአደባባይ መንቀፍ በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም፤ ምክሩ ግን አዲሱ መሪ ሥራ ሲጀምር ካልደረሰ ዋጋው ይቀንስ ነበር።

ሁለተኛው ሥራቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ሰፋ ያለ ነው። ገብረ ሕይወት በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም ስለነበሩ የንግዱን ነገር በዓይናቸው ያዩት ነበር። የሀብት ምንጭ ሥራና ዕውቀት መሆኑን፣ ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ የተሠራ ዕቃ የሚቀበል አገር እንደሚጎዳ፣ በየኬላው የሚከፈል ቀረጥ ንግድን እንደሚያደክም በዚህ መጽሐፍ አስረዱ። መጽሐፉ ታትሞ ለማየት ግን አልታደሉም። በ1919 ገና ጎልማሳ ሳሉ ዐረፉ። መጽሐፉ የታተመው በ1924፣ ከሞቱ ከ5 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ የምጣኔ ሀብት ታሪክ የሚያጠኑ ሁሉ ይጠቅሱታል፤ በእንግሊዝኛም ተተርጉሟል። ሆኖም አንባቢው ጥያቄ ቢኖረው የሚመልስለት፣ ተቃዋሚ ቢነሣ የሚከራከረው ጸሐፊ አልነበረም።

ውድ ተማሪዎቻችን፣ ጽሑፋችሁን መቼ ለሰው ማሳየት እንዳለባችሁ ብዙ ጊዜ ትጠይቁናላችሁ። የነጋድራስ ሕይወት ሁለት ነገር ያስተምረናል። ጽሑፋችሁ ውሳኔ ለሚጠብቅ ጉዳይ ከሆነ፣ እውነቱን አጣርታችሁ ውሳኔው ሳያልፍ አውጡት፤ ሁሉ ነገር እስኪሟላ መጠበቅ ዝም ከማለት አይለይም። ጽሑፋችሁ ጊዜ የሚፈልግ ትልቅ ሥራ ከሆነ ደግሞ በትዕግሥት ሥሩት፤ ነገር ግን በሣጥን ቆልፋችሁ ብቻችሁን አትያዙት። ለመምህር፣ ለጓደኛ አስነብቡት፤ አንድ ግልባጭም በታመነ ሰው እጅ ይኑር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አበው። የሚወረሰው ግን ከሰው እጅ የገባው ነው። የነጋድራስ ጽሑፍ ጠብቆ ለማተሚያ ቤት የሚያደርስ ሰው ባያገኝ ኖሮ ዛሬ ስሙን እንኳ ባላወቅን ነበር።