ሮቤር ሹማን፤ ሁለት ባላንጣዎችን በአንድ ቀንበር የጠመዱ ሰው

ብዙ መንግሥታት ተሰብስበው ማኅበር ሲያቋቁሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ መሪው ማን ይሁን የሚል ነው። ከአባሎቹ መካከል ትልቁ አንድ ብቻ እንደ ሆነ ማኅበሩ የእርሱ ግዛት ይመስላል፤ ትልልቆቹ ሁለት እንደ ሆኑ ደግሞ እነርሱ ሲፎካከሩ ትንንሾቹ መድረሻ ያጣሉ። ምዕራብ አውሮፓ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያጋጠማት ጥያቄ ይኸው ነበር። ሁለቱ ትልልቆች ፈረንሳይና ጀርመን ሲሆኑ፣ ከ1870 እስከ 1945 ባለው ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተዋግተዋል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው፣ እነዚህ ሁለት ባላንጣዎች በአንድነት የሚመሩበትን መንገድ የከፈቱትን የፈረንሳዩን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሙሴ ሮቤር ሹማንን የሕይወት ታሪክ ነው። በጽሑፋችን ውስጥ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙሴ ሹማን የተወለዱት ጁን 29 ቀን 1886 በሉክሰምቡርግ ከተማ ክላውዘን በሚባለው ሰፈር ነው። አባታቸው በሎሬን አገር፣ ከሉክሰምቡርግ ጠረፍ አጠገብ በምትገኘው ኤቭራንዥ በምትባል መንደር የተወለዱ ፈረንሳዊ ነበሩ። ይሁን እንጂ ፈረንሳይ በጦርነት ተሸንፋ በ1871 አልዛስንና የሎሬንን ከፊል ለጀርመን ባስረከበች ጊዜ፣ የትናንቱ ፈረንሳዊ ጀርመናዊ ተባሉ። እናታቸው የሉክሰምቡርግ ተወላጅ ነበሩ። ስለዚህ ሕፃኑ ሮቤር በአንደኛው አገር ተወልዶ፣ የሁለተኛውን ዜግነት ይዞ፣ የሦስተኛውን ፍቅር ከአባቱ እየሰማ አደገ።

አባታቸው በ1900 ስለ ሞቱ ያሳደጓቸው እናታቸው ናቸው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሉክሰምቡርግ ከተከታተሉ በኋላ ሕግ ለመማር ወደ ጀርመን ሄደው በቦን፣ በሙኒክ፣ በበርሊንና በዚያን ጊዜ በጀርመን እጅ በነበረችው በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲዎች ተምረው በ1910 የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ። በ1911 እናታቸው በሠረገላ አደጋ ሞቱባቸው። ሐዘኑ እጅግ ቢከብዳቸውም በ1912 በሎሬን ዋና ከተማ በሜትዝ የጥብቅና ቢሮ ከፈቱ። ሚስት አላገቡም፤ ሃይማኖታቸውን አጥባቂ፣ መጻሕፍት ወዳድና ኑሯቸው የተመጠነ ሰው ነበሩ።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ጤናቸው ለጦር ሜዳ የማይበቃ ሆኖ ስለ ተገኘ በጀርመን መንግሥት የጽሕፈት ሥራ ተመደቡ። በ1918 ጀርመን ስትሸነፍ ሜትዝ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰች፤ ሙሴ ሹማንም ከቢሮአቸው ሳይነሡ ፈረንሳዊ ሆኑ። በ1919 የአካባቢው ሕዝብ እንደራሴ አድርጎ መርጦ ወደ ፓሪስ ሰደዳቸው።

እዚያ የያዙት ሥራ ዝና የሚያስገኝ አልነበረም። አገራቸው 47 ዓመት በጀርመን ሕግ ሥር ስለ ኖረ፣ የሠራተኛው ኢንሹራንስና የመሬት መዝገብ ሳይቀር ከፓሪሱ የተለየ ነበር። አንዳንዶች ጀርመናዊ የሆነው ሁሉ በአንድ ቀን ይሻር ይሉ ነበር። ሙሴ ሹማን ግን ለሕዝቡ የሚጠቅመው እንዲቀር፣ የሚጋጨው እንዲስተካከል ሁለቱን ሕግ ጎን ለጎን አስቀምጠው አንቀጽ በአንቀጽ ሲያስማሙ ዓመታት አሳለፉ። በኋላ በአውሮፓ መድረክ የታየው ብልሃታቸው የተሞረደው በዚህ ማንም በማያየው የመዝገብ ቤት ሥራ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

በ1940 የስደተኞች ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር ሆነው ሳሉ ፈረንሳይ በሂትለር ጦር ወደቀች። በዚያ ዓመት ጁላይ 10 ቀን ሙሉ ሥልጣን ለማርሻል ፔታን እንዲሰጥ ድምፃቸውን ከሰጡት እንደራሴዎች አንዱ ሙሴ ሹማን ነበሩ። ይህ በሕይወት ታሪካቸው ላይ ያረፈ ጥላ ስለ ሆነ ልንሸፍነው አይገባም። ከዚያ በኋላ ወደ ሜትዝ ሲመለሱ ጌስታፖዎች ይዘው ሰባት ወር ያህል በወህኒ አሰሯቸው፤ ቀጥሎም ጀርመን አገር በምትገኘው በኖይሽታት በቁም እስር አኖሯቸው። በኦገስት 1942 አምልጠው እስከ ነፃነት ቀን ድረስ በየገዳሙ ተሸሸጉ። ከጦርነቱ በኋላ ስለ ሰጡት ድምፅ ተጠይቀው በ1945 ነፃ ስለ ወጡ ወደ ምክር ቤቱ ተመለሱ። ገንዘብ ሚኒስትር፣ በኖቬምበር 1947 ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በጁላይ 1948 ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በምክር ቤቱ ግን የተወለዱበትን ዜግነት እያነሡ ጀርመናዊ ናቸው ብለው የሚሰድቧቸው ተቃዋሚዎች አልጠፉም።

እንግዲህ ለጀርመን እጅ መዘርጋት ከማንም ይልቅ እሳቸውን የሚያስጠረጥር ነበር። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የሚታለፍ አልሆነም። የሩር የድንጋይ ከሰል ጀርመን አገር፣ የሎሬን የብረት ማዕድን ፈረንሳይ አገር ነው፤ መድፍ የሚሠራበትን ዓረብ ብረት ለማውጣት ደግሞ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ፈረንሳይ የሳርን ማዕድን ይዛ፣ ሩርን በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር አስገብታ ጀርመንን ዝቅ አድርጋ ለማኖር ትሞክር ነበር። ነገር ግን በ1949 የተቋቋመው የምዕራብ ጀርመን መንግሥት እየበረታ ሄደ፤ አሜሪካና እንግሊዝም ቁጥጥሩ እንዲላላ ይገፋፉ ነበር። ፈረንሳይ መያዣውን እያየች ልታጣው ነው፤ ከዚያስ በኋላ ምን ይመጣል? አራተኛው ጦርነት እንዳይሆን ብዙዎች ፈርተው ነበር።

በዚህ ጊዜ የፕላን መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት ሙሴ ዣን ሞኔ ከረዳቶቻቸው ጋር አንድ ረቂቅ አዘጋጁ። የፈረንሳይና የጀርመን የከሰልና የዓረብ ብረት ምርት በሙሉ ከሁለቱም መንግሥታት በላይ በሆነ አንድ የጋራ ባለሥልጣን እንዲመራ፣ ሌሎችም አገሮች እንዲገቡበት የሚል ነበር። ሙሴ ሹማን ወረቀቱን ይዘው በሜትዝ አጠገብ ወደ ነበረው የገጠር ቤታቸው ሄዱ፤ በሳምንቱ መጨረሻ አንብበውት ሰኞ በባቡር ሲመለሱ ለረዳታቸው መቀበላቸውን ነገሩ። ሐሳቡ የሞኔ ቢሆንም ከከሸፈ የሚጠየቁበት እሳቸው ነበሩ።

ሜይ 9 ቀን 1950 ጠዋት ቦን ለሚገኙት ለቻንስለር አዴናወር በምስጢር የላኩት ደብዳቤ ደረሰ። አዴናወር በዚያው ሰዓት መስማማታቸው በስልክ ሲሰማ ሙሴ ሹማን ሐሳቡን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት አቅርበው አስፈቀዱ፤ በማታውም በፓሪስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አዳራሽ ለጋዜጠኞች አስታወቁ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንወዳለን። ድል አድራጊዋ ፈረንሳይ ለተሸነፈችው ጀርመን ትእዛዝ ልትሰጥ ትችል ነበር፤ እሳቸው ግን ለዓለም ከመናገራቸው በፊት ጀርመንን እንደ እኩያ ጠየቁ። አዴናወር የሳርን ጉዳይ አስቀድሞ ይፈታልኝ ሳይሉ እሺ ያሉትም ይህን እኩልነት ስላዩበት ይመስለናል።

ውሉ ኤፕሪል 18 ቀን 1951 በፓሪስ ተፈረመ። ፈራሚዎቹ ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ኢጣሊያ፣ ቤልጂግ፣ ሆላንድና ሉክሰምቡርግ ናቸው። እንግሊዝ ከብሔራዊ መንግሥት በላይ የሆነ ሥልጣን አልቀበልም ብላ ቀረች። ኢጣሊያ በሕዝብ ብዛት ከፈረንሳይ ባታንስም በከሰልና በብረት ሁለቱን የምትወዳደር አልነበረችም፤ ስለዚህ ማኅበሩ የሚቆመውም የሚወድቀውም በፈረንሳይና በጀርመን ነበር።

ጥበቡ ያለው በአደረጃጀቱ ነው። ከፍተኛው ባለሥልጣን የተባለው አካል 9 አባሎች ሲኖሩት፣ ከአንድ አገር ከሁለት የበለጠ ሰው እንዳይገባ ውሉ ከለከለ፤ ውሳኔውም በድምፅ ብልጫ ሆነ። ከፈረንሳይ ሁለት፣ ከጀርመን ሁለት ሰው ገባ። እንግዲህ ሁለቱ ትልልቆች ቢጣሉ አንዱ ብቻውን የሚያዝዝበት መንገድ የለም፤ ቢስማሙም አራት ድምፅ ከዘጠኝ አይበልጥምና ከትንንሾቹ አንድ ሰው እንኳ ማሳመን አለባቸው። በጉባኤውም እንዲሁ ነው፤ ከ78 መቀመጫዎች ለፈረንሳይ 18፣ ለጀርመን 18 ሲሰጥ ድምሩ ከግማሽ በታች ሆኖ ቀረ። በአንጻሩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ብዙ የሚያመርቱት አገሮች ድምፅ ከፍ ያለ ክብደት ተሰጠው። ትልልቆቹ መሪነታቸው ታወቀላቸው፤ ጌትነት ግን አልተሰጣቸውም። ቀንበሩ ከሁለቱም ጫንቃ በላይ ነበር።

ሁሉም ነገር ተቃናላቸው ለማለት አንደፍርም። ይኸው መንገድ ለሠራዊት እንዲሆን በሜይ 1952 የተፈረመውን የአውሮፓ የመከላከያ ማኅበር ውል፣ ኦገስት 30 ቀን 1954 የፈረንሳይ ምክር ቤት ራሱ ጣለው። ሙሴ ሹማን በዚያን ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱን ከለቀቁ ቆይተው ነበር። የሳር ነገር ግን በመልካም ተፈጸመ፤ በ1955 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶበት በ1957 መጀመሪያ ላይ ሳር ወደ ጀርመን ስትገባ ጥይት አልተተኮሰም። በዚያው ዓመት በሮም ሰፊው የኢኮኖሚ ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1958 ሙሴ ሹማን የአውሮፓ ጉባኤ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ።

በጃኑዋሪ 1963 ጄኔራል ደ ጎልና አዴናወር የሁለቱን አገሮች የወዳጅነት ውል በፓሪስ ፈረሙ። መሪዎቹ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንዲገናኙ አስገዳጅ ሆነ። ሆኖም ሁለቱ ለብቻቸው ሲመክሩ የቀሩት አባሎች መጠራጠራቸው አልቀረም። ይህ ጥርጣሬ እስከ ዛሬ ድረስ፣ 27 አባሎች ባሉት የአውሮፓ ኅብረት ውስጥም፣ ፓሪስና በርሊን ተስማምተው በመጡ ቁጥር ይነሣል፤ ሳይስማሙ በቀሩ ጊዜ ደግሞ ሥራው ቆመ የሚል ሮሮ ይሰማል።

ሙሴ ሹማን ሴፕቴምበር 4 ቀን 1963 በሲ ሻዜል መንደር በ77 ዓመታቸው ዐረፉ። የከሰሉና የብረቱ ውል የተወሰነለትን 50 ዓመት ጨርሶ በ2002 አበቃ፤ ሥራው ግን ወደ ኅብረቱ ተላለፈ። ሜይ 9 ቀንም የአውሮፓ ቀን ተብሎ ይከበራል።

በእሳቸው የሕይወት ዘመን ሜትዝ ሦስት ጊዜ ከአንዱ መንግሥት ወደ ሌላው ተላልፋለች፤ ከሞቱ ወዲህ ግን ማንም በጦር አልጠየቃትም። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ሁለት ኃይለኞች በአንድነት የሚመሩት ስለ ተዋደዱ ብቻ ሳይሆን፣ ከሁለቱም በላይ የሆነ ሕግ ስላላቸውና ደካማው በማዕዳቸው ላይ ድምፅ ስላለው ነው። እንዲህ ያለውን ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ ተቀምጦ የሚጽፍ ትዕግሥተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ሮቤር ሹማን እንዲህ ያለ ሰው ነበሩ።