ወጋየሁ ንጋቱ፦ በድምፅ የተረፈ የተዋናይ ሕይወት

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ተውኔት ታሪክ ሲጻፍ ቀዳሚውን ስፍራ የሚይዙት ጸሐፌ ተውኔቶች ናቸው። ድርሰታቸው ታትሞ ስለሚገኝ ተመራማሪው ገልጦ ያነበዋል፤ ይተቸዋል። የተዋናይ ሥራ ግን መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ያበቃል። ይህ አጭር ጽሑፍ የአርቲስት ወጋየሁ ንጋቱን የሙያ ሕይወት በመመልከት፣ ከአንድ ተዋናይ ሥራ ለትውልድ የሚተርፈው ምን እንደሆነ ይመረምራል።

ወጋየሁ በ1936 ዓ.ም. ተወለደ። ለሙያው በደረሰበት ዘመን የአዲስ አበባ ቴአትር መሠረቱን ጥሎ ነበር። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም በ1948 ዓ.ም. ተከፍቷል። ከእርሱ በፊት የነበሩት ተዋንያን በአብዛኛው ሙያውን የተማሩት በመድረክ ላይ በመሥራት ነበር። ወጋየሁ ግን ትወናን በትምህርት ከቀሰመው ትውልድ ይመደባል፤ እንደ ሙያ አጋሩ እንደ ደበበ እሸቱ ሁሉ ለቴአትር ትምህርት ወደ ሃንጋሪ ተጉዟል። ለዚህ ትውልድ ትወና ከተሰጥኦ ባሻገር የአተነፋፈስ፣ የድምፅ አወጣጥና የገጸ ባሕርይ ጥናት የሚጠይቅ የሙያ ዘርፍ ነው።

ይህን ችሎታ ቀርጾ የሚያቆይ መሣሪያ ግን በአገሪቱ ውስጥ እምብዛም አልነበረም። ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመዲናይቱና ከአካባቢዋ አላለፈም። በዚያው ዓመት ከቀረበው “ሂሩት አባቷ ማነው” አንሥቶ እስከ ወጋየሁ ሞት ድረስ በአገር ውስጥ የተሠሩት ረጃጅም ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በሌላ አገር አንድ ነባር ተዋናይ በበርካታ ፊልሞች ውስጥ ልዩ ልዩ ሰዎችን ሆኖ ሲታይ፣ የወጋየሁ ዘመን የኢትዮጵያ ተዋናይ ይህ ዕድል አልነበረውም።

የወጋየሁን ሥራ ከመጥፋት ያዳነው ሬዲዮ ነው። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ “ፍቅር እስከ መቃብር” በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ወጋየሁ ከዓመታት በኋላ ይህን ረጅም ልቦለድ በኢትዮጵያ ሬዲዮ “ከመጻሕፍት ዓለም” በተሰኘው ዝግጅት በተከታታይ ተረከው። ሥራው ንባብ ተብሎ ይጠራ እንጂ በይዘቱ የገጸ ባሕርይ ትወና ነው። ፊታውራሪ መሸሻ፣ ሰብለ ወንጌል፣ በዛብህና ጉዱ ካሣ በዕድሜ፣ በጾታ፣ በማዕረግና በአስተሳሰብ የተራራቁ ናቸው። መድረክ ቢሆን ለእያንዳንዳቸው አንድ ተዋናይ፣ ልብስና ገጽ ቅብ ይመደብላቸው ነበር። ወጋየሁ ግን የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት፣ ፍጥነቱንና ዝምታውን ብቻ ይዞ አንድን የጎጃም ማኅበረሰብ በሙሉ ወከለ። ከንግግር ወደ ትረካ ሲመለስም የደራሲውን ድምፅ ከገጸ ባሕርያቱ ድምፅ ሳያደባልቅ መጠበቅ ነበረበት።

ሁለተኛው ምስክር የጸጋዬ ገብረ መድኅን “ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት” ነው። ጽሑፉ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣልያ በአደባባይ የተገደሉትን የአቡነ ጴጥሮስን የመጨረሻ ሰዓት ያሳያል። በወጋየሁ ድምፅ የሚሰማው የጳጳሱ ጸሎትና ምሬት የሚፈልገው ችሎታ ከልቦለዱ የተለየ ነው፤ እዚያ አንድ ሰው ብዙ ሰዎችን ይሆናል፣ እዚህ ደግሞ በአንድ ሰው ውስጥ የሚታገሉትን ፍርሃት፣ ትዝታና እምነት ይገልጣል።

ወጋየሁ በ1982 ዓ.ም. በአርባዎቹ ዕድሜው ዐረፈ። የቴአትር አዳራሾቹ በመዲናይቱ የተወሰኑ ስለነበሩ፣ በአዋሽ ሸለቆ ለሚኖር አድማጭ ተዋናዩ ከመልክ ይልቅ ድምፅ ነበር። አዋሽ ሰባት ኪሎ በባቡር ሐዲድ ከአዲስ አበባ ጋር ብትገናኝም ሐዲዱ መድረኩን ይዞላት አልመጣም። ሰመራ ደግሞ በእርሱ የሕይወት ዘመን የክልል መዲና ሆና ገና አልተቆረቆረችም። ዛሬ በሰመራ የሚገኝ ተማሪ የወጋየሁን ትረካ ሊያዳምጥ የሚችለው ቅጂው ስለተጠበቀ ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ ለአፋር አካባቢ ጥናት ቅርብ ነው። በዳጉ ሥርዓት መንገደኞች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይለዋወጣሉ፤ ሰሚውም የነገሩን ምንጭና የተናጋሪውን ታማኝነት ይመዝናል። እንዲህ ባለ ባህል ውስጥ የቃል ክዋኔ ተራ ማሟያ አይደለም፤ ራሱ ማስረጃ ነው። ሆኖም የቃል ጥበብ ብዙውን ጊዜ ወደ ጽሑፍ ተገልብጦ ሲጠና፣ የከዋኙ ድምፅ፣ ዕረፍትና አጽንዖት ይቀራል። የ“ፍቅር እስከ መቃብር” መጽሐፍ ብቻ ተርፎ ቢሆን ኖሮ የወጋየሁ ድርሻ እንደዚሁ ይጠፋ ነበር።

በማጠቃለያም፣ የወጋየሁ ዝና የተመሠረተው በችሎታው ብቻ አይደለም፤ ድምፁን የቀረጸ፣ ቅጂውን ያስቀመጠና ደግሞ ያሰራጨ ተቋም በመኖሩም ጭምር ነው። በእርሱ ዘመን በየመድረኩ የተጫወቱ ሌሎች ተዋንያን ቅጂ ስላልተረፈላቸው ከታሪክ ጎድለዋል፤ ይህ ግን ችሎታ ለማነሱ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ የትወና ታሪክ አጥኚ ከድርሰቱ ቀጥሎ ሊጠይቅ የሚገባው ክዋኔው ተቀርጾ እንደሆነ፣ ማን፣ መቼና የት እንደከወነው፣ ቅጂውም በማን እጅ እንደሚገኝ ነው። ይህ ጥያቄ ከዋኞቹ በሕይወት ሳሉ ከተነሣ ድምፃቸው ለቀጣዩ ተመራማሪ ይደርሳል።