ፔኒሲሊንን አግኝተው ያለአግባብ እንዳይወሰድ ያስጠነቀቁት ሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ

መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በሆስፒታሎች መስፋፋት የዓለም የጤና ሥጋት ከሆነ ውሎ አድሯል። በ2019 በእነዚህ ተህዋስያን ቀጥተኛ ምክንያት 1 ነጥብ 27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን እንዳጡ በጥናት ተገምቷል። አደጋው እንደሚመጣ አስቀድመው ካሳሰቡት መካከል አንዱ ፔኒሲሊንን ያገኙት ሐኪምና ተመራማሪ ሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ናቸው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍሌሚንግ በ1881 በስኮትላንድ ኤርሻየር በተባለው አካባቢ ከአርሶ አደር ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸውን በሰባት ዓመታቸው ያጡ ሲሆን፣ በልጅነታቸው ወደ ለንደን ተጉዘው በአንድ የመርከብ ድርጅት ቢሮ ለአራት ዓመታት በጸሐፊነት አገልግለዋል። ከአጎታቸው በወረሱት ገንዘብ በመታገዝ በ1901 የሴንት ሜሪ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። በ1906 ትምህርታቸውን አጠናቀው በዚያው ሆስፒታል የምርምር ሥራ ጀመሩ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በፈረንሳይ በሚገኝ የቁስለኞች ሆስፒታል ተመድበው ሠርተዋል። በዚያም ከጥይት የተረፉ ወታደሮች ቁስላቸው እያመረቀዘ በአልጋ ላይ ሲሞቱ ተመለከቱ። በወቅቱ ይሰጡ የነበሩት ጀርም ገዳይ ኬሚካሎች በጥልቅ ቁስል ውስጥ ከጀርሞቹ ይልቅ ነጭ የደም ሕዋሳትን እንደሚጎዱም በምርምር አሳዩ።

በሴፕቴምበር 1928 ከዕረፍት ሲመለሱ፣ ስታፊሎኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ ካራቡባቸው ሳህኖች በአንዱ ላይ ሻጋታ በቅሎ፣ በዙሪያው የነበሩት ባክቴሪያዎች መጥፋታቸውን አስተዋሉ። ሻጋታው የሚያመነጨውን ንጥረ ነገር ፔኒሲሊን ብለው ሰይመው የምርምሩን ውጤት በ1929 ቢያሳትሙም፣ አጣርተው ለመድኃኒትነት ማብቃት አልቻሉም። ይህን የፈጸሙት በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድ ፍሎሪ፣ ኧርነስት ቼይንና የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ1941 መድኃኒቱ የተሰጠው አንድ የፖሊስ ባልደረባ በቀናት ውስጥ መሻሻል ቢያሳይም፣ መድኃኒቱ በማለቁ ሕይወቱ አልፏል። ፍሌሚንግ፣ ፍሎሪና ቼይን በ1945 የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ፍሌሚንግ በሽልማቱ ምክንያት ባሰሙት ንግግር መድኃኒቱን ከማወደስ አልፈው ሥጋታቸውን ገልጸዋል። ጉሮሮውን የታመመ ሰው ፔኒሲሊን በራሱ ገዝቶ ከሚገባው መጠን በታች ቢወስድ፣ ጀርሞቹ ከመሞት ይልቅ መድኃኒቱን መቋቋም እንደሚለምዱ አስረዱ። የተላመደው ጀርም ወደ ሚስቱ ተላልፎ በሳንባ ምች ብትታመም መድኃኒቱ ሊያድናት እንደማይችል፣ ለሞቷም ተጠያቂው መድኃኒቱን ያለአግባብ የወሰደው ባሏ እንደሚሆን በምሳሌ አመለከቱ።

ማስጠንቀቂያው እውን ለመሆን ብዙ ጊዜ አልወሰደም። በ1948 በአንድ የለንደን ሆስፒታል ከሕመምተኞች ከተገኙት የስታፊሎኮከስ ዝርያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፔኒሲሊንን ተቋቁመው ተገኝተዋል። መድኃኒቱ ደካሞቹን ጀርሞች ሲገድል ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም ያላቸው ተርፈው ተባዝተዋል። እነዚህም በሠራተኞች እጅና በዕቃዎች አማካይነት ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው ይዛመታሉ። ችግሩን ለመፍታት የተሠራውን ሜቲሲሊንንም የተቋቋሙ ዝርያዎች በ1961 በብሪታንያ ሪፖርት ተደርገዋል።

ኢትዮጵያም የመድኃኒት መላመድን ለመከላከል ብሔራዊ ስትራቴጂ በ2011 አውጥታ በ2015 አሻሽላለች። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም በ2017 የቅኝት ሥራ ጀምሯል።

ሆኖም ስትራቴጂው ውጤት የሚያስገኘው በየደረጃው ሲተገበር ነው። ፍሌሚንግ የገለጹት ዓይነት ሕመምተኛ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ከተማ ያለ ሐኪም ማዘዣ መድኃኒት ቢገዛ፣ ወይም ሕመሙ ስለቀለለው ብቻ የታዘዘለትን ቢያቋርጥ፣ ጉዳቱ በእርሱ ብቻ አይወሰንም። በቀዶ ሕክምና የምትወልድ እናትና ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን በኢንፌክሽን ቢያዙ የሚድኑት ጀርሙ ያልተላመደው መድኃኒት ሲኖር ነውና። በመሆኑም በጤና ተቋማት ውኃና ሳሙና እንዳይቋረጥ በጀት የሚመድብ፣ የላቦራቶሪ ምርመራን የሚያጠናክርና የመድኃኒት ቤቶችን አሠራር የሚቆጣጠር ኃላፊ ከሐኪሙ ያልተናነሰ ድርሻ አለው።

ሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1955 በተወለዱ በ73 ዓመታቸው በለንደን አርፈው፣ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀብረዋል። ያገኙት መድኃኒት ዛሬም ሕይወት በማዳን ላይ ሲሆን፣ ለመጪው ትውልድ መትረፉ የሚወሰነው በአጠቃቀሙ ነው።