ሰር ዊልያም ፌርቤርን እና የቦይለር ደኅንነት ስሌት አጀማመር

መግቢያ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በእንግሊዝ የፋብሪካ ከተሞች የእንፋሎት ቦይለር መፈንዳት ተደጋጋሚ አደጋ ነበር። ሠራተኞች ይሞታሉ፣ ሕንጻዎች ይፈርሳሉ። ከዚያ በኋላ ግን መንስኤው ብዙ ጊዜ በእሳት አንዳጁ ቸልተኝነት ወይም ሊደረስበት በማይችል ምሥጢራዊ ኃይል ይሳበብ ነበር። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከግምት አውጥተው ወደ ልኬትና ወደ ቁጥጥር ያሸጋገሩትን የስኮትላንዳዊውን መሐንዲስ የሰር ዊልያም ፌርቤርንን ሕይወት በአጭሩ ይዳስሳል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከእርሻ ቤት ወደ ማንችስተር

ፌርቤርን በ1789 በስኮትላንድ፣ ኬልሶ በተባለች ከተማ ከእርሻ ሠራተኛ ቤተሰብ ተወለዱ። መደበኛ ትምህርታቸው አጭር ነበር። በ15 ዓመታቸው በሰሜን እንግሊዝ በሚገኝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫ በማሽን ተካይነት ሙያ ለመሠልጠን ገቡ። ሒሳብንና ሌላውንም ዕውቀት በትርፍ ጊዜያቸው በንባብ አዳበሩ። ኋላ በባቡር ሐዲድ ሥራ ስመ ጥር ከሆኑት ከጆርጅ ስቲቨንሰን ጋር የተወዳጁትም በዚያው ዘመን ነው።

በ1813 ወደ ማንችስተር ተሻግረው፣ በ1817 ከጄምስ ሊሊ ጋር በሽርክና የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። ፋብሪካቸው በውኃ መንኮራኩር፣ በማሽን ዘንጎች፣ በብረት መርከብና በቦይለር ሥራ ታወቀ። ስለዚህ ስለ ቦይለር ጥንካሬ ሲመራመሩ እርሳቸው ራሳቸው ቦይለር ሠርቶ ሻጭ ነበሩ።

የላሜራውና የስፌቱ ጥንካሬ

በዚያን ጊዜ ቦይለር የሚሠራው የብረት ላሜራዎችን በሪቬት በመስፋት ነበር። ፌርቤርን ባካሄዱት ሙከራ በአንድ ረድፍ ሪቬት የተሰፋ መጋጠሚያ የሙሉውን ላሜራ ጥንካሬ 56 በመቶ፣ በሁለት ረድፍ የተሰፋው ደግሞ 70 በመቶ ያህል ብቻ እንደሚይዝ አገኙ። ውጤቱ ለንድፍ ሥራ ከባድ ትርጉም ነበረው። በሲሊንደር ቅርጽ ጋን ላይ በዙሪያው አቅጣጫ የሚፈጠረው ውጥረት በርዝመቱ አቅጣጫ ከሚፈጠረው እጥፍ ስለሆነ፣ በቁመት የሚሄደው ስፌት ከሁሉ ይበልጥ ይጨነቃል። የላሜራውን ጥንካሬ ብቻ ይዞ የሚያሰላ ሰው እንግዲህ የጋኑን አቅም አጋንኖ ይገምታል። ዛሬም የግፊት ጋን ደንቦች በስሌታቸው ውስጥ የመጋጠሚያ ብቃት የሚባለውን ቁጥር የሚያስገቡት በዚሁ ምክንያት ነው።

የውስጥ ቱቦዎች እንቆቅልሽ

በ1844 ፌርቤርን ከጆን ሄዘሪንግተን ጋር የላንካሻየር ቦይለር ተብሎ ለታወቀው ንድፍ የፈጠራ መብት አገኙ። ቦይለሩ በውስጡ ሁለት የእሳት ቱቦዎች አሉት። ምድጃዎቹ በየተራ ከሰል ስለሚጨመርባቸው የአንደኛው ጭስ በሌላው ትኩስ ጋዝ ይቃጠላል፤ ጭሱም ይቀንሳል። ነገር ግን የውጭው ቅርፊት ከውስጥ ወደ ውጭ ሲገፋ፣ የእሳት ቱቦዎቹ በዙሪያቸው ካለው ውኃና እንፋሎት ወደ ውስጥ ይገፋሉ። እንዲህ ያለው ቱቦ የሚጎዳው በመተርተር ሳይሆን ክብ ቅርጹን አጥቶ በመጨፍለቅ ነው። የዘመኑ ልማድ ደግሞ የቱቦው ርዝመት ለጥንካሬው ለውጥ አያመጣም የሚል ነበር።

ፌርቤርን ይህን እምነት ለፈተና አቀረቡት። ዲያሜትራቸው ከ4 እስከ 12 ኢንች የሆኑ ስስ የላሜራ ቱቦዎችን ውኃ በሞላበት ጠንካራ የብረት ሲሊንደር ውስጥ አስገብተው፣ እስኪጨፈለቁ ድረስ ግፊቱን በፓምፕ ጨመሩ። በ1858 ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ያቀረቡት ውጤት ልማዱን ሻረ። የቱቦው ርዝመት በእጥፍ ሲጨምር የሚችለው ግፊት በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ዲያሜትሩ በእጥፍ ሲጨምርም እንዲሁ። በአንጻሩ ጥንካሬው ከውፍረቱ ካሬ በጥቂቱ በበለጠ መጠን ያድጋል።

መፍትሔውም ከውጤቱ ተከትሎ መጣ። ረጅሙን ቱቦ በየተወሰነ ርቀት በማጠንከሪያ ቀለበት ቢያስሩት እንደ በርካታ አጫጭር ቱቦዎች ይሠራል። ላሜራውን በሙሉ ማወፈር አያስፈልግም።

ቀመሩ ወሰን ነበረው። ቱቦው እጅግ ሲረዝም የጫፎቹ ድጋፍ ትርጉም ስለሚያጣ፣ ርዝመት መጨመሩ ጥንካሬውን ከዚያ በላይ አይቀንሰውም። ይህን በኋላ የመጡ የመለጠጥ ንድፈ ሐሳብ ሊቃውንት አረሙ። ሆኖም የርዝመትና የዲያሜትር እንዲሁም የዲያሜትርና የውፍረት ንጽጽር ዛሬም የውጭ ግፊት ስሌት መነሻዎች ናቸው።

ከስሌት ወደ ቁጥጥር

ፌርቤርን ስሌት ብቻውን እንደማይበቃ ተረድተው ነበር። በትክክል የተነደፈ ቦይለር በዝገት ይሳሳል፤ የደኅንነት ቫልቩ ሊጣበቅ ወይም ከልክ በላይ ሊጫን ይችላል። በ1854 በማንችስተር የቦይለር ፍንዳታን ለመከላከል የተቋቋመውን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። የማኅበሩ መርማሪዎች የአባላትን ቦይለሮች በየጊዜው ይፈትሹ ነበር። አባልነቱ ግን በፈቃድ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ቦይለሩን ማስፈተሽ የማይሻ ባለቤት ከማኅበሩ ውጭ ይቀር ነበር።

ፌርቤርን በ1869 የባሮኔት ማዕረግ ተሰጥቷቸው በ1874 ዐረፉ። የቦይለር ፍንዳታዎች በመንግሥት እንዲመረመሩ የሚያዝዘው የብሪታንያ ሕግ የወጣው ከሞታቸው 8 ዓመት በኋላ፣ በ1882 ነው። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የመጀመሪያው የቦይለር ኮድ ደግሞ በ1915 ታተመ።

ማጠቃለያ

የፌርቤርን ሕይወት የደኅንነት ደንብ በሁለት እግሩ እንደሚቆም ያሳያል፦ በሙከራ በተረጋገጠ ስሌትና ጋኑ ሥራ ከጀመረ በኋላ በሚደረግ ፍተሻ። አነስተኛ ቦይለር የሚነድፍ ተመራማሪ በደንቡ ውስጥ የሚያገኛቸው ቁጥሮች ከዚህ ታሪክ ሲነጠሉ ባዶ ትእዛዝ ይመስላሉ። የማጠንከሪያ ቀለበቶችን ርቀት የሚወስነው ሠንጠረዥ የቆመው ግን፣ አንድ አምራች ራሱ በሚሸጠው ዕቃ ውስጥ ያለውን ክፍል እስኪጨፈለቅ ድረስ ለመፈተን በመፍቀዱ ነው።