ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፦ ከምንጃር እስከ ጀርመን ሸክላ

የምንጃር ስም በተነሣ ቁጥር ገበያተኛው አስቀድሞ የሚያስታውሰው ጤፉን ነው። የአረርቲ ገበያ፣ የሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል፣ ትከሻ የሚያንቀጠቅጠው የምንጃር ጨዋታም አብረው ይነሣሉ። በዚሁ የሰሜን ሸዋ ምድር በ1868 ዓ.ም. ገደማ የተወለዱት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ግን በአሁኑ ትውልድ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቁት በልጃቸው ነው፤ የይድነቃቸው ተሰማ አባት ይባላሉ። ልጁ የአፍሪካን እግር ኳስ ለዐሥራ አምስት ዓመታት መርተዋልና ይህ አያስገርምም። አባት በበኩላቸው ዘፈናቸው በሸክላ ታትሞ ለገበያ በመቅረብ ከኢትዮጵያውያን ሁሉ ቀዳሚው ናቸው።

ተሰማ በወጣትነታቸው የዐፄ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ተጠግተው አደጉ፤ በባለሟልነትም አገለገሉ። የቋንቋ ተሰጥኦ ነበራቸው። ግጥም በቃላቸው ይደረድራሉ፣ መሰንቆ ይመታሉ፣ ሰው በተሰበሰበበት ወዲያው ለሰዓቱ የሚስማማ ስንኝ ያፈልቃሉ። በጊዜው ይህ ችሎታ ለባለቤቱ ሁለት ስለት ነበረው። አዝማሪ በግብር አዳራሽ ይፈለጋል፤ ያለ እሱ ድግሱ አይደምቅም። ጠጅ ይቀዳለታል፣ ብር ይሸለማል። በማግሥቱ ግን አዝማሪ ማለት ለስድብ የሚውል ቃል ይሆናል፤ ልጁን ለአዝማሪ ለመዳር የሚፈቅድ ቤተሰብም አልነበረም። ኑሮው የባለሟል ሆኖ ሳለ መሰንቆ ያነሣ ሰው ከሹማምንቱ መካከል የሚንቀው እንደማይጠፋ ተሰማ ያውቁ ነበር። መሰንቋቸውን አላስቀመጡም።

የግጥማቸው ጉልበት ሰምና ወርቅ ነው። የቅኔ ተማሪ ያልሆነ ሰውም ስሙን ያውቀዋል፦ ላይ ላዩን የሚሰማው ቃል ሰሙ፣ ከሥሩ የተቀበረው ምሥጢር ወርቁ። ስያሜው የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ የጌጡን ቅርጽ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ እሳት ላይ ሲያስቀምጠው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው የቀለጠ ወርቅ ይፈስሳል። በስማቸው በቃል የሚነገሩ ስንኞች ዛሬም ብዙ ናቸው፤ የሌላ ሰው ግጥም ለእሳቸው የተሰጠበት አጋጣሚም አይጠፋም፤ የታዋቂ ገጣሚ ዕጣ ሁልጊዜም ይኸው ነው።

ድምፅን በመሣሪያ መያዝ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ፈጽሞ እንግዳ ነገር አልነበረም። በ1891 ዓ.ም. ገደማ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለንጉሠ ነገሥቱና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክታቸውን በፎኖግራፍ ቀርጸው ልከው ነበር። ምኒልክ ከባሕር ማዶ የመጣውን ድምፅ ቆመው ሰሙ፤ ለክብሩም መድፍ አስተኮሱ። እንዲህ ያለው መሣሪያ የኢትዮጵያን ዘፈን ይዞ ለገበያ እስኪያወጣ ድረስ ግን ወደ ዐሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለፈ። ያመጣውም የሙዚቃ ጉዳይ አልነበረም። መኪና ነው።

በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ። ከተማዋ ገና ወጣት ነበረች። ዛሬ የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የሚገኝበትና ከእንጦጦ ጋር የተያያዘው የሰሜኑ ተራራ፣ ጥዱና ወይራው ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመንጥሮ፣ በምትኩ ባሕር ዛፍ የሚተከልበት ዘመን ነው። በቅሎ የለመደው ጎዳና ለጎማ የተዘጋጀ አልነበረም። መኪና ካመጡት የውጭ ሰዎች አንዱ ሆልዝ የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን፣ ዐፄ ምኒልክ ተሰማን ከእሱ ጋር ወደ ጀርመን ላኳቸው። ዓላማው መኪና መንዳትና መጠገን እንዲማሩ ነው። ባቡሩ በዚያን ጊዜ ከጅቡቲ ተነሥቶ የደረሰው ድሬዳዋ ድረስ ብቻ ስለነበር፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አውሮፓ የሚሄድ መንገደኛ መጀመሪያ የበረሃውን መንገድ በበቅሎ መጨረስ ነበረበት። ተሰማ ከዚህ ጉዞ የተመለሱት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን የመኪና ባለሙያዎች አንዱ ሆነው ነው።

የመኪናው ሙያ ግን የጉዟቸው ግማሽ ብቻ ሆነ። ጀርመን በዚያን ጊዜ የሸክላ ኢንዱስትሪ ከደረጀባቸው አገሮች አንዷ ነበረች፤ በሃኖቨር ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ኩባንያዎቹ ከየአገሩ ዘፋኝ ይፈልጉ ነበር፤ የግብፅ፣ የህንድ፣ የቱርክ ሙዚቃ ታትሞ ይሸጥ ነበርና። መሰንቆ የሚመታ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ደጃቸው መጥቶላቸዋል። ተሰማ ከዐሥር በላይ ሸክላዎች አስቀረጹ።

አቀራረጹ ከዛሬው ስቱዲዮ ጋር አይገናኝም። ማይክሮፎን ለሸክላ ቀረጻ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ከዚያ በፊት ዘፋኙ የሚቆመው ከትልቅ የቆርቆሮ ጡሩንባ ፊት ነው። ድምፁ በጡሩንባው ጠባብ ጫፍ ያለችውን ስስ ሽፋን ያርገበግባል፤ ሽፋኗ መርፌ ታንቀሳቅሳለች፤ መርፌዋም በሚሽከረከር የሰም ዝርግ ላይ ጭረት ትቀዳለች። ተሳስቶ መመለስ የለም፤ ስሕተት ቢፈጠር ሰሙ ይጣልና ከመጀመሪያው ይጀመራል። አንድ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ለአዝማሪ ይህ ከባድ ፈተና ነው። አዝማሪ ሰዓት የለውም፤ የሚዘፍነው አድማጩን እያየ፣ የአድማጩን ፊት እያነበበ፣ ስም እየጠራ፣ ግጥም እየተቀበለ ነው። ተሰማ ፊት የነበረው አማርኛ የማይሰማ ባለሙያና አፉን የከፈተ ጡሩንባ ነው። የፊቱን ትተው ከኋላ የሚሰማቸውን አገር እያሰቡ ሦስት ደቂቃውን ሞሉት። ሰሙ ከዚያ በኋላ በብረት ይለበጣል፤ ከብረቱ ማተሚያ ይወጣል፤ ሰሙ ሥራውን ጨርሶ ይቀራል። የሰምና ወርቅ ገጣሚ ድምፁ በአንጥረኛ ብልሃት ተያዘ ማለት ነው፤ ፈረንጆቹ ይህን ያወቁ አይመስልም።

ሸክላ የሚለው የአማርኛ ስም ራሱ ማብራሪያ ይሻል። የዚያን ዘመን የሙዚቃ ሸክላ ከአፈር አልተሠራም። ዋና ማጣበቂያው በህንድና በአካባቢዋ ዛፍ ላይ የሚኖር ጥቃቅን ነፍሳት የሚያመነጩት ሙጫ ነው፤ ገበሬዎች ቅርንጫፉን እየቆረጡ፣ ሙጫውን እየፋቁ ለፋብሪካ ይሸጡት ነበር። በእሱ ላይ የተፈጨ ድንጋይ ይጨመርበታል። ውጤቱ ጥቁር፣ ከባድና ሲወድቅ እንደ እንስራ የሚሰበር ዝርግ ነው። ሕዝቡ ሸክላ ያለው ሲሰበር አይቶ ሳይሆን አይቀርም።

ተሰማ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የቤተ መንግሥቱ አየር ተለውጧል። ዐፄ ምኒልክ በሕመም ተይዘዋል፤ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ታውጇል። ወጣቱ መሪ ጨዋታ ወዳድ ነበሩ። ፈረስ፣ አደን፣ መኪና ይወዳሉ፤ ግጥምና መሰንቆም እንዲሁ። መኪና የሚያሽከረክር፣ መሰንቆ የሚመታ፣ አውሮፓን ያየ ባለሟል ለእንዲህ ያለው መሪ እንደ ታዘዘ ሰው ነው። ተሰማ ከልጅ ኢያሱ የቅርብ ወዳጆች አንዱ ሆኑ። ነጋድራስነትንም ያገኙት በዚሁ ዘመን ነው። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ነው፤ የገበያውን ቀረጥ ያስገባል፣ የነጋዴውን ሙግት ይዳኛል፣ ከኬላ እስከ ከተማ ድረስ የዕቃውን መንገድ ይቆጣጠራል። እህሉን ጭኖ ገበያ የሚወጣ ገበሬ ሁሉ የሹመቱን ክብደት ያውቀው ነበር።

የደስታው ዘመን አልረዘመም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት መኳንንቱና ሊቀ ጳጳሱ ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱ። በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ የልጅ ኢያሱ አባት የንጉሥ ሚካኤል ጦር ሰገሌ ላይ ተሸነፈ። ቀጥሎ የመጣው የወዳጆች ተራ ነው። ተሰማ ሹመታቸውንና ንብረታቸውን አጡ፤ ከመናገሻዋ ርቀውም ብዙ ዓመታት ገፉ። ትናንት ነጋዴው ሁሉ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ዛሬ የሚያወራው አጣ። በቅርበቱ የተጠቀመ ሰው በቅርበቱ መቀጣቱ በቤተ መንግሥት ፖለቲካ የተለመደ ነው። በተሰማ ላይ ግን አንድ ነገር ይጨመራል፤ ወደ መሪው ያቀረባቸው ጨዋታቸው ነበርና የጎዳቸውም ያው ሆነ። ሹመት፣ ቤትና ርስት ሊወሰድ ይችላል። ጀርመን የቀረውን የብረት ማተሚያ ግን ማንም አልወረሰውም።

በ1914 ዓ.ም. መባቻ በጅማ ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። ይድነቃቸው አሉት። ልጁ አድጎ በአዲስ አበባ ተማረ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብና የብሔራዊ ቡድኑ ታዋቂ ተጫዋች ሆነ። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ አሠልጣኙ እሱ ነበር፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መራ። በዚህ ሁሉ ሥራ መካከል የአባቱን ግጥሞችና ታሪክ ማሰባሰቡ ይበልጥ ያስደንቃል። ሰምና ወርቅ የተሰኘው መጽሐፍ የወጣው እሱ ካለፈ በኋላ ነው።

ነጋድራስ ተሰማ ራሳቸው ወደ ዘጠና ዓመት ተጠግተው በ1957 ዓ.ም. ዐረፉ። አራት ዓመት ቢቆዩ ኖሮ የአገራቸው ሙዚቃ በሸክላ ሲጥለቀለቅ ያዩ ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት የመዝገብ ንግዱ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ መሆኑን ቸል ብሎ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ። የዛሬ ሰው ፕሮዲውሰር የሚለው ይህን ዓይነቱን ሰው ነው፦ ዘፋኝ መራጭ፣ ገንዘብ አውጪ፣ አሳታሚ፣ ሻጭ። ነጋድራስ ተሰማ ግን ገጣሚውም፣ ዘፋኙም፣ መሰንቆ መቺውም እሳቸው ነበሩ። በ1965 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ብሮንክስ ሰፈር የተወለደው ሂፕ ሆፕ ደግሞ የድሮ ሸክላ ቁራጭ እየቀዳ አዲስ ዘፈን መሥራትን ሙያ አደረገው። በዚሁ መንገድ የሙላቱ አስታጥቄ የግሌ ትዝታ ተቆርጦ በ2002 ዓ.ም. በናስና በዴሚያን ማርሊ ዘፈን ውስጥ ገባ። በቃል ተወዳድሮ፣ ፊት ለፊት ተሰዳድቦ፣ ግጥም ቀድሞ መጣል ለአዝማሪ አገር እንግዳ አይደለም፤ የአዝማሪ ቤት ታዳሚ ራፕ ሲሰማ ያውቀዋል።

የተሰማ ሸክላዎች ለረጅም ዘመን የት እንዳሉ የሚጠይቅ ብዙ አልነበረም። በየቤቱ የነበረው ተሰብሯል፣ መርፌ በልቶታል፣ በጦርነትና በስደት ጠፍቷል። ገበሬ ዘሩን በጎተራ ሲያስቀምጥ በየዓመቱ ካልዘራው ነቀዝ እንደሚበላው ሁሉ፣ ቅጂ ያልወጣለት ሸክላም እንዲሁ ያልቃል። ከመቶ ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው ኢትዮፒክስ የተሰኘ ተከታታይ ሥራ በ27ኛ ቅጹ የተሰማን ቅጂዎች አሰባስቦ በሁለት ሲዲ አወጣ። መርፌው የሚያሰማው ሹክሹክታ በቅጂውም አልጠፋም። ከሹክሹክታው በስተጀርባ የአንድ የምንጃር ሰው ድምፅና የፈረስ ጭራ ክር የተወጠረበት መሰንቆ ይሰማሉ፤ በየሦስት ደቂቃውም ይቋረጣሉ።