ከገበሬ ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንትነት፦ የግራንቪል ስታንሊ ሆል የሕይወት ጉዞ

የአሜሪካ የሥነ ልቦና ጥናት ታሪክ ሲነሣ ከቀዳሚዎቹ ተርታ የሚጠሩት ግራንቪል ስታንሊ ሆል የገበሬ ልጅ ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840ዎቹ አጋማሽ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት አሽፊልድ በተባለች የገጠር መንደር ተወለዱ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ሌሎች ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው። ወላጆቻቸው አርሰው የሚኖሩ ቢሆኑም ለትምህርት ትልቅ ዋጋ ይሰጡ ነበር። እናታቸው ልጃቸው ሰባኪ እንዲሆንላቸው ይመኙ ነበርና ሆል በ1867 ከዊሊያምስ ኮሌጅ ሲመረቁ ወደ ኒው ዮርክ አቅንተው ሥነ መለኮት ተማሩ። ልባቸው ግን ወደ ፍልስፍና፣ ቀጥሎም የሰው አእምሮ እንዴት ይሠራል ወደሚለው ጥያቄ አዘነበለ።

በ1878 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ከዊልያም ጄምስ ዘንድ ተምረው የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። ይህም በአሜሪካ ምድር በሥነ ልቦና የተሰጠ የመጀመሪያው ዶክትሬት ተደርጎ ይቆጠራል። ከዚያ ወደ ጀርመን ተሻግረው በላይፕዚግ ከተማ በቪልሄልም ቩንት ቤተ ሙከራ ተማሩ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ ስማቸውን ከፍ ያደረገው በ1883 ይፋ ያደረጉት ጥናት ነው። ትምህርት ለመጀመር የመጡ የቦስተን ሕፃናት ምን ያውቃሉ ብለው አስጠየቁ። ከከተማ ልጆች ብዙዎቹ የንብ ቀፎ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ላምን እንኳ የማያውቁ ነበሩ። የገጠር ልጆች በዚህ ረገድ በልጠው ተገኙ። ከዚህ ተነሥተው ሆል ወላጆችን መከሩ፦ ልጅን ለትምህርት ቤት ማዘጋጀት ማለት በቅድሚያ ከእንስሳው፣ ከዕፅዋቱና ከገጠሩ ሕይወት ጋር ማስተዋወቅ ነው።

በባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ አቋቋሙ፤ በ1887ም የአሜሪካን የመጀመሪያ የሥነ ልቦና መጽሔት መሠረቱ። በመምህርነት ስመ ጥር በሆኑበት በዚህ ወቅት ነበር የአስተዳደር ጥሪ የመጣላቸው።

ጆናስ ጊልማን ክላርክ የተባሉ ባለጸጋ በዉስተር ከተማ ዩኒቨርሲቲ ለማቋቋም ገንዘባቸውን ሰጡ፤ ሆልንም በ1888 የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አድርገው ሾሙ። ሆል ወራት ፈጅተው የአውሮፓን ዩኒቨርሲቲዎች ጎበኙ። በቀጣዩ ዓመት የክላርክ ዩኒቨርሲቲ በሩን ከፈተ።

ይሁንና የሁለቱ ሰዎች ሐሳብ ከጅምሩ የተለያየ ነበር። መሥራቹ አቅም የሌላቸው የአካባቢው ወጣቶች በአነስተኛ ወጪ የሚማሩበት ኮሌጅ ይመኙ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ደግሞ ለምርምርና ለከፍተኛ ዲግሪ ብቻ የቆመ ተቋም ለማነጽ ቆረጡ። ልዩነቱ በግልጽ ተነግሮ ስላልተቋጨ መሥራቹ ቀስ በቀስ እጃቸውን ሰበሰቡ፤ የዉስተር ነዋሪም ልጆቹ የማይገቡበትን ዩኒቨርሲቲ እንደ ራሱ ለማየት ተቸገረ።

በዚህ መካከል ከባድ ሐዘን ደረሰባቸው። በ1890 ባለቤታቸውና ሴት ልጃቸው በቤት ውስጥ በፈሰሰ የመብራት ጋዝ ታፍነው ሞቱ። ከቤተሰቡ ወንድ ልጃቸው ብቻ ቀረላቸው።

ሐዘኑ ሳይወጣላቸው የዩኒቨርሲቲው ችግር ገነፈለ። ገንዘቡ ሲመናመን ሆል እውነታውን ለመምህራኑ አልገለጹም ነበር። የተገባላቸው ቃል ሲታጠፍ መምህራኑ በፕሬዚዳንቱ ላይ እምነት አጡ። በ1892 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሬኒ ሃርፐር ወደ ዉስተር መጥተው በተሻለ ደመወዝ ብዙዎቹን ወሰዷቸው። ከሄዱት አንዱ በኋላ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት አልበርት ማይክልሰን ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው ከግማሽ በላይ መምህራኑን አጣ።

ሆል ግን ሥራቸውን አልለቀቁም። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በእርሳቸው ጠሪነት ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም እርሳቸው ሆኑ። በተረፉት ጥቂት መምህራን ብዙ ተመራማሪዎችን አሠለጠኑ። በ1904 ስለ ጉርምስና ዕድሜ ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1909 የዩኒቨርሲቲው 20ኛ ዓመት ሲከበር ሲግመንድ ፍሮይድንና ካርል ዩንግን ጋበዙ፤ ፍሮይድ አሜሪካን የረገጡት በዚያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጉድለታቸውም ሊታለፍ አይገባም። ሕዝቦችን በደረጃ የሚያስቀምጥ፣ ወንዶችና ሴቶች አብረው እንዳይማሩ የሚመክር አስተሳሰብ ያራምዱ ነበር፤ የኋላ ጥናትም ይህን ውድቅ አድርጎታል። በሌላ በኩል በ1920 በሥነ ልቦና ዶክትሬት ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ፍራንሲስ ሰምነር የእርሳቸው ተማሪ ነበሩ።

ሆል በ1920 ከፕሬዚዳንትነት ወረዱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ እርጅና መጽሐፍ ጻፉ፤ በ1924 በዉስተር አረፉ። መሥራቹ ክላርክም በ1900 ሲሞቱ በኑዛዜያቸው የተመኙትን ኮሌጅ አስጀምረው ነበር። ዛሬ በዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችም ተመራማሪዎችም በአንድ ግቢ ይማራሉ። ሁለቱ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ተነጋግረው ያልተስማሙበትን ጉዳይ ጊዜ አስታርቆታል፤ በመካከል ግን ጥሎ የሄደው መምህርና ያለ ኮሌጅ የቆየው የከተማው ወጣት ዋጋውን ከፍለዋል።