ኦገስታ ሳቬጅና የሃርለም ልጆች

ኪነ ጥበብ የባለጸጎች ሳሎን ማስጌጫ ሆና እንድትቀር በሚፈለግበት ኅብረተሰብ ውስጥ የጭቁኑ ልጅ ተሰጥዖ ሳይታይ እንደሚቀበር ይታወቃል። የጥቁር አሜሪካዊቷ ቀራጺ የኦገስታ ሳቬጅ ሕይወት ይህን የሚያስረዳ፣ የትግሉንም መንገድ የሚያመለክት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦገስታ በ1892 በፍሎሪዳ ከአሥራ አራት ልጆች ሰባተኛ ሆና ተወለደች። ከሠፈሯ ሸክላ አፈር የእንስሳት ምስል ስትሠራ ሰባኪው አባቷ ድርጊቱን እንደ ጣዖት ሥራ ቆጥሮ ይገርፋት ነበር። በ1921 ኒውዮርክ ስትገባ በእጇ የነበረው 4 ዶላር ከ60 ሳንቲም ብቻ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ያለ ክፍያ ያስተምር በነበረው ኩፐር ዩኒየን ገብታ ቅርጻ ቅርጽ ተማረች። በ1923 በፈረንሳይ አገር በፎንቴንብሎ ለሚሰጠው የክረምት ትምህርት ብታመለክት፣ አሜሪካውያኑ መራጮች ጥቁር መሆኗን ሲረዱ ከለከሏት። ነጮቹ ተማሪዎች ከእርሷ ጋር መጓዝና መኖር ይከብዳቸዋል የሚል ነበር ሰበቡ! ጉዳዩን በጋዜጣ ይፋ ብታወጣውም ውሳኔው አልተለወጠም። ኑሮዋን ለመግፋት በልብስ ማጠቢያ ድርጅት በላብ አደርነት ሠራች። በ1929 አንድ የሠፈር ልጅ የሚያሳየው ቅርጿ የነፃ ትምህርት ዕድል አስገኝቶላት ወደ ፓሪስ ሄደች።

ከፓሪስ ስትመለስ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት ትማቅቅ ነበር። ኦገስታ በ1932 በሃርለም የራሷን የማስተማሪያ ስቱዲዮ ከፈተች፤ በ1937ም የፌዴራሉ መንግሥት ለሥራ አጦች በመደበው ገንዘብ የተቋቋመው የሃርለም ኮሚዩኒቲ የጥበብ ማእከል የመጀመሪያ ዲሬክተር ሆነች። በማእከሉ ልጅም አዋቂም በነፃ ይማር ነበር። ለሠፈሩ ልጆች አንዲት ክፍል ለማስገኘት የደከመ የማኅበር አባል የዚህን ክብደት ያውቀዋል።

ከደቡብ ከተሰደዱ ወላጆች የተወለደውን ጄከብ ሎረንስን በሠዓሊነት ደመወዝ እንዲያገኝ ለማስመዝገብ ይዛው ብትሄድ፣ 21 ዓመት አልሞላውም ተብሎ ተመለሰ። ልጁ ጉዳዩን ረሳው፤ እርሷ ግን አልረሳችም። ዕድሜው በሞላ ጊዜ በ1938 እንደገና ወስዳ አስመዘገበችው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሎረንስ የጥቁሮችን ፍልሰት በ60 ሥዕሎች ተረከ፤ ሥዕሎቹም ዛሬ በኒውዮርክና በዋሽንግተን ሙዚየሞች ይገኛሉ።

መምህሯ ግን ዋጋ ከፍላለች። ለ1939 የኒውዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ጥቁር ዘማሪዎችን በበገና አውታር መልክ የሚያሳይ፣ ቁመቱ 5 ሜትር የሚጠጋ ቅርጽ ሠራች። ለዚሁ ሥራ ፈቃድ ወስዳ ስትመለስ የዲሬክተርነቱን ቦታ ሌላ ሰው ይዞት አገኘች። ከጀሶ የተሠራውን ቅርጽ በነሐስ ለማስቀረጽም ሆነ ለማስቀመጥ ገንዘብ በመታጣቱ ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃ ፈረሰ። የመንግሥቱ ድጎማ ሲቋረጥም ማእከሉ በ1942 ተዘጋ። ሚሊዮኖች ለጦር መሣሪያ በሚፈስሱበት አገር ለጥቂት ኩንታል ነሐስ የሚሆን አልተገኘም።

ኦገስታ በ1945 ሶገርቲስ ወደተባለች የገጠር ከተማ ሄደች። በዚያም የአካባቢውን ልጆች ታስተምር ነበር። በ1962 ኒውዮርክ ውስጥ አረፈች።